በጎንደር ዘመን ላይ የወንጀል ምስጢር ልብወለድ እንዴት ይጻፋል፦ ልዩ ስጦታ ያላት ልጅ ላለችበት ታሪክ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ላይ ልብወለድ ልጽፍ ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያመጣው ግንቡን ነው፣ ማታ ነው፣ ጨረቃ አለች፣ ነጭ የለበሰች ልጅ በመስኮት ታያለች፣ ከዛ ጩኸት ይሰማል፣ በቃ። ግንቡ ቆንጆ ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ታሪኩን የምትሸከመው ልጅቷ ናት፣ አብዛኛው ድራፍት የሚበላሸውም እሷ ላይ ነው። ከፊልም የለመድነው ነገር አለ፦ ልጅቷ መንፈስ ታያለች፣ ማንም አያምናትም፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ያምናታል። በ1760ዎቹ ጎንደር ይሄ አይሰራም። በዛን ጊዜ "መንፈስ ምናምን ውሸት ነው" የሚል ሰው ከተማውን ብትዞሩ አታገኙም እኮ፣ ከንጉሡ እስከ እንጨት ተሸካሚዋ ሁሉም ያምናል። እና ልጅቷ ታያለች ብትሉ የሚደነቅ የለም፣ የሚጠየቀው "ማን ፈቀደላት?" ነው። ደብተራው ሲያደርገው እውቀት ይባላል፣ የ13 ዓመት ልጅ ስታደርገው ቡዳ ትባላለች። ቀጥሎ ደግሞ ያየችውን በምን ታስመሰክረዋለች? ማወቅና ማስመስከር መሀል ያለው ገደል፣ መጽሐፋችሁ እዛ ውስጥ ነው ያለው። ከታች ያለው ሁሉ እሱን ለመቆፈር ነው።

ደረጃ 1፦ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ቁረጡ

"የጎንደር ዘመን" በጣም ሰፊ ነው። ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆረበት ከ1628 ዓ.ም ገደማ እስከ ዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ከ200 ዓመት በላይ ነው፣ ገንዘቡም ሹመቱም ሰፈሩም ተለዋውጧል። የሞት እጥረት መቼም የለም። ታላቁ ኢያሱ በ1699 ጥቅምት ላይ ተገደለ፣ ዙፋኑን የያዘው ልጁ ተክለ ሃይማኖት አባቱ ከሞተ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ በተራው ተገደለ፣ ቴዎፍሎስ መጣና የወንድሙን የኢያሱን ገዳዮች ለቅሞ ቀጣ። ይሄ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

እኔ የምመክራችሁ ግን ከግንቦት 1761 እስከ ጥቅምት 1762 ያለውን ነው። ግንቦት ላይ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ወጣቱን ንጉሥ ኢዮአስን አሳንቆ ገደለው። በምትኩ የንጉሥ ዘር ከሚታሰርበት ከወህኒ አምባ ዮሐንስ የሚባል ሽማግሌ አወረደ፣ ድሮ ከአምባው ሊያመልጥ ሲል ተይዞ እጁ የተቆረጠ ሰው ነው። ጥቅምት ላይ እሱም በመርዝ ሞተና ልጁ ተክለ ሃይማኖት (ሁለተኛው) ነገሠ፣ 15 ዓመት ቢሆነው ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ባለው ግቢዋ ቁስቋም ላይ ሆና ለልጅ ልጇ ለኢዮአስ ታለቅሳለች። በአምስት ወር ሁለት ንጉሥ ሞተ ማለት ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሙሉ ክረምት አለ። ክረምት ላይ ጦር አይዘምትም፣ ወንዞቹ ቀሃና አንገረብ ይሞላሉ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁሉም ከተማ ውስጥ ተዘግቶ እርስ በርሱ ይተያያል፣ የወንጀል ታሪክ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ቀን ስትጽፉ የዘመኑ ሰው "በ1761" እንደማይል አስቡ። እሱ "በዘመነ ማቴዎስ፣ የግንቦት ሚካኤል ማግስት" ነው የሚለው (1761 ማቴዎስ ነው፣ 1762 ማርቆስ)። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር የገባው የካቲት 1762 ላይ ስለሆነ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካራክተር ሊሆን አይችልም፣ ተመስገን፣ ፈረንጅ የሌለበት አንድ መጽሐፍ ይኑረን። የጻፈው ግን ይጠቅማችኋል። የሱ ዓመተ ምህረት የፈረንጅ ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለሆነው ሰባት ከዛ በኋላ ላለው ስምንት ካልቀነሳችሁ ንጉሡን ሳይሞት ትቀብሩታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ስጦታዋን አጥብቡት፣ ከዛ ደግሞ አጥብቡት

"የሞቱ ሰዎችን ታናግራለች" ካላችሁ ሟቹን ትጠይቀዋለች፣ ይነግራታል፣ ገጽ 10 ላይ አለቀ። የሚሰራ ስጦታ ጠባብ ነው፣ ያስከፍላል፣ ቀዳዳም አለው። ምሳሌ ልስጣችሁ። የውብዳር የምትባል ልጅ አለች፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ፣ የሟች ማተብ በጣቷ ስትይዝ ሟቹ በመጨረሻ ያየው ይታያታል። ድምፅ የለም፣ ስም የለም፣ ያየው ብቻ። ከኋላ የታነቀ ሰው ገዳዩን አላየውም፣ እሷም አታየውም። የምታየው ግድግዳ ነው፣ ጧፍ ነው፣ ወለሉ ላይ የወደቀ መቁጠሪያ ነው። ገዳዩን ሳይሆን ክፍሉን ነው የምታገኘው፣ ከዛ በኋላ በእግሯ መሄድና በአፏ መጠየቅ አለባት።

ዋጋው ሰው ፊት የሚታይ ይሁን። ትዝታዋ ይጠፋል፣ ዕድሜዋ ያጥራል የሚለው አንባቢ አይሰማውም ምክንያቱም አያየውም። የውብዳር የሟች ማተብ በነካች ቁጥር ዓይኗ እስከ ማግስቱ ደም ይመስላል እንበል። ጠዋት ቀይ ዓይኗን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ቀሃ ስትወርድ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ነጠላ ውስጥ ይከታሉ፣ አንዷ እንስራዋን ሳትሞላ ትመለሳለች፣ ማንም ምንም አይልም። አንድ ሰው "ቡዳ!" ብሎ ከሚጮህ ይሄ በጣም ይከብዳል።

ቀዳዳው ደግሞ ከራሱ ከማተቡ ይመጣል። ማተብ የሚያስረው ክርስቲያኑ ነው። እስላም ቤት፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር፣ አንድ ነጋዴ ሞቶ ቢገኝ ወይም ከቤተ እስራኤል ሰፈር አንድ አንጥረኛ ቢገደል ስጦታዋ ዜሮ ነው። ያ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፣ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ገደማ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ስላዘዘ ከተማው በሃይማኖት የተከፈለ ነው፣ ልጅቷ እዛ ሰፈር ገብታ ስትጠይቅ መታየቷ ራሱ ሌላ ሐሜት ያመጣል። ይሄን ሬሳ መጽሐፉ መሀል ላይ አስቀምጡት፣ በስጦታዋ ተማምና የመጣች ልጅ ባዶ እጇን የምትቀርበት ቦታ ነው።

ከዛ ቀጥሎ የሚመጣው ሬሳ ክርስቲያን ይሁን፣ ግን ማተቡ ተቆርጦ ተወስዷል። ገዳዩ ስጦታዋን ያውቃል ማለት ነው። በማተብ እንደምታይ የሚያውቁት ስንት ናቸው? አያቷ፣ የንስሐ አባቷ፣ ክታብ የሚጽፈው የኔታ፣ እና አንዲት ጓደኛዋ። ተጠርጣሪው ከሙሉ ከተማ ወደ አራት ሰው ወረደ፣ አራቱም የምትወዳቸው ናቸው። ስጦታዋ ይሄን የመሰለ ፕሎት ካልወለደ ጌጥ ነው፣ አውጡት።

ስጦታው ከየት መጣ የሚለውን አታብራሩ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይበል፦ አያቷ ዛር ነው ትላለች፣ የንስሐ አባቷ ፈተና ነው ይላሉ፣ ጎረቤቱ ቡዳ ይላል፣ አንድ የቅኔ ተማሪ ደግሞ "አብሾ አጠጥተዋት ነው" ብሎ ያንሾካሹካል። አብሾ ያው እንደምታውቁት ትምህርት እንዲገባቸው ብለው የቆሎ ተማሪዎች የሚጠጡት፣ የሚያስለፈልፍ፣ አንዳንዱንም አሳብዶ የሚያስቀር ነገር ነው። አንባቢው እስከ መጨረሻው አራቱንም በእጁ ይያዝ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ይሄን በጣም የምጠነቀቅበት ነው፦ ቡዳን እውነተኛ ወንጀለኛ አታድርጉ። በቡዳነት ይከሰሱ የነበሩት አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤሎች ናቸው፣ በዚህ ክስ ሰው ተሰዷል ሞቷል፣ ወሬው ዛሬም አልጠፋም። ክሱን ግን ተጠቀሙበት፣ ገዳዩ የሚደበቅበት ጋቢ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ፖሊስ የለም፣ ምርመራ ግን አለ

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ሰንፎ ከውጭ ፊልም የተቀዳ መርማሪ ያመጣል። አያስፈልግም። አውጫጭኝ አለላችሁ፣ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ይማላል፣ ይጠየቃል፣ ወንጀለኛው ካልወጣ ዕዳው ሁሉም ላይ ይወድቃል። አሁን ይሄን ሰኔ ላይ አድርጉት። ዝናቡ ጀምሯል፣ ማሳው ይጠብቃል፣ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ግን ሜዳ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም እውነቱን ይፈልጋል። ሦስተኛው ቀን ላይ የሚፈልገው ከዛ ሜዳ የሚያስለቅቀውን ስም ነው፣ ማንም ይሁን። እና እዛው ሕዝብ መሀል ዓይኗ የቀላ ልጅ ተቀምጣለች። የመጽሐፋችሁ ትልቁ ሲን ይሄ ነው፣ 20 ገጽ ስጡት፣ አትቸኩሉ።

ሌባሻይም አለ። ለወንድ ልጅ የሚጠጣ ነገር ይሰጠዋል፣ ራሱን ይስታል፣ ከዛ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት ተይዞ እየተንገዳገደ የሌባው ቤት ይገባል፣ የሱ ምስክርነት ይያዛል። አያችሁት? ባለሥልጣን የያዘው የደነዘዘ ልጅ ይታመናል፣ በራሷ የምታይ ልጅ ትከሰሳለች። ያንን ልጅ ለየውብዳር ተቀናቃኝ አድርጋችሁ ብትጀምሩና ቀስ በቀስ ብታቀራርቧቸው፣ ማን እያጠጣው እንደሆነ የሚነግራትም እሱ ቢሆን ግማሹ ፕሎት ተሠራ።

ቁራኛን አትርሱ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ሲከፋም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት የሚሄዱበት ነው፣ ሁለት የሚጠላሉ ሰዎችን አንድ ሌሊት አብሮ ለማሳደር ከዚህ የተሻለ ሰበብ አታገኙም። የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር፣ እጨጌ ቤት፣ ደግሞ የመማጸኛ ሰፈር ነው፣ ወንጀለኛ እዛ ከገባ አይነካም፣ ስለዚህ ማሳደዱ የት እንደሚያበቃ አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቃል። ፍርዱ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ነው።

ደረጃ 4፦ ፍንጩ ከዘመኑ ዕቃ ይምጣ

እኔ በጣም የምወደው ክታብ ነው። የብራና ክታብ ሲጻፍ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚቆረጠው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ተብሎ። ውስጡ የሚጻፈው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። አሁን አስቡት፣ ሬሳው አጠገብ ክታብ ወድቋል፣ ስሙ ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበታል (ክታብ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ይሄ ይደረጋል)፣ የተፋቀው ቦታ ላይ ብራናው ሳስቷል፣ በጧፍ ፊት ሲያዙት ብርሃን ያሳልፋል። የሟቹ ማተብ የለም፣ የውብዳር ምንም አይታያትም። ግን ክታቡን ግድግዳ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ራሷን ትለካበታለች፣ ከሷ በአንድ ክንድ ይረዝማል። የመጀመሪያው ባለቤት ረጅም ሰው ነው። የቤት ስሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ የክርስትና ስሙን ግን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፣ ከነሱ አንዱ የንስሐ አባቱ ነው፣ እሳቸው ደግሞ አይናገሩም። ይሄ ሁሉ ያለ ምንም አስማት የሚሄድ ምርመራ ነው፣ ለልጅቷም ክብር የሚሰጣት ይሄ ነው።

ጅብም ፍንጭ ነው። ብሩስ እንደጻፈው ከመሸ በኋላ የጎንደር መንገድ የጅብ ነበር። ውጭ ያደረ ሬሳ ሙሉ ሆኖ አይነጋለትም። ስለዚህ ጠዋት አደባባይ ላይ ምንም ያልነካው ሬሳ ከተገኘ ሌሊቱን ቤት ውስጥ አድሮ ሊነጋ ሲል ነው የወጣው፣ በዛ ሰዓት ደግሞ መንገድ ላይ መታየት የማያስጠይቀው ማን ነው? ለማሕሌት የቆመ ደብተራ፣ ለኪዳን የሚሄድ ቄስ። ይሄን አንባቢው ቀድሞ ይድረስበት፣ ልጅቷ ትንሽ ቆይታ።

ለአሊባይ ኮሶ አለ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ነው፣ በየጊዜው ኮሶ ይጠጣል፣ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይውላል፣ እንግዳም አይቀበልም። "ኮሶ ጠጥተዋል" ከተባለ የሚጠይቅ የለም። ጾሙም ይረዳችኋል፦ የሰኔ ጾም አለ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን አለ፣ በፍልሰታ ቤቱ የቅቤ ሽታ የሸተተ ሰው አንድ ነገር ደብቋል።

በሰምና ወርቅ የተደበቀ ቅኔ ማስገባት ሁሉም ያምረዋል። ጥሩ ቅኔ የሚቀኝላችሁ ሰው ከሌለ ተዉት፣ ያልበሰለ ቅኔ ጎንደር ውስጥ ይስቁበታል።

ደረጃ 5፦ ከተማውን በእግር ሂዱት

ጎግል ማፕ አይበቃም፣ ባጃጅም አትያዙ። ከጃን ተከል ዋርካ ተነስታችሁ የፋሲል ግቢን አጥር ዙሩት፣ 900 ሜትር ገደማ ነው። 12 በር ነበረው ይባላል፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ሥራ ነበረው፦ ወምበር በር የዳኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች። ገዳያችሁ በየትኛው በር ገባ? በማይገባው በር ከገባ ያ ፍንጭ ነው። ከዛ ወደ ቁስቋም ውጡ፣ ዳገቱን ትንፋሻችሁ ቁርጥ ቁርጥ እስኪል ውጡት፣ የ13 ዓመት ልጅ በጭቃ መልእክት ይዛ ስትወጣ ምን ያህል እንደሚፈጅባት ያኔ ይገባችኋል። እዛው የምንትዋብ፣ የልጇና የልጅ ልጇ የኢዮአስ አጽም ነው ተብሎ የሚታየውን እዩት፣ ኖት ከመያዝ በፊት ግን ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሰዓት አትጻፉ፣ ጥላ በእግር የሚለካበት ዘመን ነው፣ በደመናማ ክረምት ደግሞ ጥላም የለም፣ ደወልና የዶሮ ጩኸት ብቻ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች "ሁሉም ያዩኛል" ብሎ መጻፍ አልቆበታል። እሱን ዝለሉት።

ደረጃ 6፦ የማይገባውን ልቀሙ

ድራፍቱ ሲያልቅ ለዚህ ብቻ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ባህር ዛፍ ካለ አውጡ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው የመጣው። ድንችም አውጡ። 1780 የሚል የተጻፈበት ማርያ ትሬዛ ብር በ1761 ዓ.ም ኪስ ውስጥ ሊገኝ አይችልም፣ አሞሌና በሚዛን የሚከፈል ወርቅ ተጠቀሙ። የላምባ ኩራዝ የለም፣ ጧፍ ነው። ፒያሳ የጣሊያን ስም ነው። ደርቡሽን መለሱ የሚባሉት የደብረ ብርሃን ንቦች ከመቶ ዓመት በላይ ገና ይቀራቸዋል፣ ደርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለው በ1880 ነው። አንዱ ግን ሁሉንም ያስከፋል፦ ቡናው። በዛን ጊዜ ክርስቲያኑ ቡና አይጠጣም፣ የሙስሊሙ ነው ተብሎ ይራቅ ነበር፣ ስለዚህ አያቷ ረከቦት ዘርግታ ወሬ የምትሰማበትን ያን የመሰለ ሲን መሰረዝ አለባችሁ። ወይም ደግሞ እስላም ቤት ውስጥ የውብዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኒ ትያዝና ትፍራ፣ ያኔ ሲኑ ከበፊቱ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ንግግሩ

ግዕዝ በሞላው አማርኛ አትጻፉ፣ የዛሬ አራዳ ቋንቋም አታስገቡ። አጭር፣ ደረቅ፣ አክብሮቱን የጠበቀ ይሁን። ልጅቷ መምህሩን "የኔታ" አያቷን "እምዬ" ትላለች፣ ታላቅ ወንድ "አያ" ነው፣ ንጉሡ "ጃንሆይ"። ሲኑ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"ዓይንሽን ክፈቺ" አሉ የኔታ።
"አይሆንም የኔታ፣ ገና አልጨረሰም።"
"ማን ነው ያልጨረሰው?"
"እሱ። እያየ ነው።"
ክሩ በላብና በቅቤ ጠቁሯል፣ ጣቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማዋለች።
"ምን ይታይሻል ልጄ?"
"ጧፍ፣ ሁለት ጣት የቀረው። ከሱ ማዶ እግር አለ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ነው።"
የኔታ መልስ አልሰጡም። በዛ ክረምት ኖራ ሲረግጥ የሚውል ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ገዳዩን አልጠራችም፣ አልጮኸችም፣ ራሷን አልሳተችም። ያየችውን ተናገረች፣ ቀሪውን አንባቢው ሠራው። ጨለማውንም በዚሁ መጠን ያዙት፣ ራስ ሚካኤል ያስቀጣውን ሰው ቅጣቱ ላይ ቆማችሁ አታሳዩ፣ በማግስቱ እናቱ ከዳኛው ደጅ ስትመለስ አሳዩ።

ደረጃ 8፦ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አቅዱ፣ ከዛ አስነብቡ

መጀመሪያ አውጫጭኙን ጻፉ፣ ቀጥሎ ማተቡ የተቆረጠውን ሬሳ፣ ከዛ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ወደ እነሱ የሚያደርሰውን አስገቡ። መጨረሻው ላይ ገዳዩ የሚያዘው በሰው ምስክርና በክታቡ ቁመት እንጂ እሷ ባየችው አይሁን፣ አለበለዚያ ከመጀመሪያ የጠየቃችሁትን ጥያቄ ራሳችሁ አፈረሳችሁት። የዮሐንስን መመረዝ አትፍቱት፣ ታሪክ ራስ ሚካኤልን ይከሳል፣ የውብዳር ጽዋውን ማን እንዳቀረበ ብታውቅ እንኳን የምትነግረው ዳኛ የለም።

ድራፍቱን ለጓደኛ ብቻ አትስጡ፣ ጓደኛ "አሪፍ ነው" ይላል። በአታ ቤተክርስቲያን አካባቢ አቋቋም የተማረ አንድ ሰው ፈልጉና የቤተክርስቲያኑን ክፍል ያንብብ፣ አዲስ ዓለም አንድ አባት የእስላም ቤቱን ክፍል ይስሙ፣ ማንበብ ካልተመቻቸው እናንተ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። የሚያቋርጧችሁ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ አትከራከሩ። የሚስተካከለውን አስተካክላችሁ ነው ወደ ማተሚያ ቤት ወይም ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ወደ መልቀቅ የምትሄዱት፣ በክፍል ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ክፍል አንድን እንዳትለቁ፣ አስረኛው ክፍል ላይ ፍንጭ ረስታችሁ ብታገኙት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የምታስገቡበት መንገድ የለም።